«ወይ ሌጦውን፣ ወይ እኔን!»

ዛሬ የምንጨዋወተው ስለ ፍቅር ነው፤ ግን ሽታ ስላለበት ፍቅር! አትሳቁ፣ የምሬን ነው። ደብዳቤውን የጻፈችልኝ አዲስ አበባ ውስጥ ተቀጥራ የምትሠራ የ24 ዓመት ወጣት ናት። ተወልዳ ያደገችው ዳንግላ ነው። «አደራ ስሜን እንዳያወጡት» ብላኛለችና አላወጣውም፤ የእሱንም እንዲሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአሥራ አንደኛ ክፍል ጀምሮ የምትወደው ልጅ አለ። እሷ ኮሌጅ ጨርሳ አዲስ አበባ ስትገባ፣ እሱ ሆዬ እዚያው ዳንግላ ቀርቶ የሌጦ ንግድ ጀመረ። ከዳንግላና ከእንጅባራ፣ ከየገጠር ገበያውም እየዞረ የበግና የፍየል ሌጦ ይገዛል፤ ጨው ይነሰንሳል፤ ሲጠራቀምለት አስጭኖ ለትልልቅ ነጋዴዎች ያስረክባል። በዚህ ሥራ ሁለት ታናናሾቹን አስተምሯል። ሽማግሌ ለመላክ ሲዘጋጅ ግን የልጅቷ እናት «ልጄን ለፋቂ አልድርም!» ብለው ቁጭ አሉ። ለበዓል ቤት መጥቶ ሰላም ብሏቸው ሲወጣ መስኮት ይከፍታሉ አሉ፤ እሱ እያየ!

ይሄ ሳያንስ የሌጦ ዋጋ ወደቀ። በዱቤ ካስረከበው ዕቃ ገና ያልተከፈለው ገንዘብ አለ። ታዲያ በዚህ መሀል ከየት እንደመጣ የማይታወቅ አንድ ሰው «የበግ ሌጦ ምን ያደርግልሃል? ነብር አምጣልኝ፣ ጉሬዛ አምጣልኝ፣ ቢጠፋ ቢጠፋ ተኩላም ቢሆን እወስዳለሁ፤ ፈረንጅ በዶላር ነው የሚገዛው» እያለ ጆሮውን ይዞታል። ልጁም ቆላ ወርደው የሚያድኑ ሰዎችን ማፈላለግ ጀምሯል። ልጅቷ ይህን ስትሰማ ደወለችና «በቃኝ! ወይ ሌጦውን፣ ወይ እኔን ምረጥ» አለችው። እሱ ዝም አለ። ዝም ካለ ይኸው ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። «አበዛሁት እንዴ?» ትላለች ደብዳቤዋን ስትጨርስ።

እህቴ፣ አዎ አብዝተሻል፤ ደግሞም አላበዛሽም። ሦስት የተለያዩ ጉዳዮችን በአንድ ጆንያ ከተሽ ነው የጻፍሽልኝ። የእናትሽ ንቀት አንድ ነገር ነው። የዋጋው መውደቅ ሌላ ነው። የነብሩ ጉዳይ ደግሞ ከሁለቱም ጋር አይዛመድም፤ እሱ የወህኒ ቤት ጉዳይ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ አንቺም እናትሽም ልጁ ቀኑን ሙሉ ምን ሲያደርግ እንደሚውል በደንብ አታውቁም። እኔም ብዙ አላውቅም ነበርና በሙያው የቆዩ ሰዎችን ጠያይቄ ነው የምጽፍልሽ።

<b>የፋሲካ ሌሊት</b>

ለከተሜ አንባቢዎቼ አንድ ነገር ላስቀድም። የበሬና የላሙ ቆዳ ነው፤ የበግና የፍየሉ ሌጦ ይባላል። እኛ ሁሉንም በጅምላ ቆዳ እንላለን፤ ነጋዴ ፊት እንዲህ ያለ ሰው ግን አፉን ሲከፍት ጀማሪነቱ ይታወቅበታል።

አዊ የፈረስ አገር መሆኑን ሁላችንም ሰምተናል። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች ሲጋልቡ በቴሌቪዥን ያላየ የለም። የበግ አገርም መሆኑ ግን ብዙ አይወራለትም። በዳንግላ፣ በእንጅባራና በምዕራብ ጎጃም ደጋ የሚረባው በግ ዋሸራ ይባላል፤ «የዳንግላ በግ» የሚሉትም አሉ። ቁመቱ ያማረ፣ ላቱ ሰፋ ያለ፣ ጠጉሩ አጭርና ልጥፍ ያለ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ቡናማ ነው።

ጠጉሩ አጭር መሆኑን ያዙልኝ። እንደ መንዝ በግ የሞቀ አጎዛ አይወጣውም። ለፋብሪካ ግን ይሄ ጉድለት አይደለም። ሱፍ ሳይሆን ጠጉር ያለው የደጋችን በግ ሌጦ ስስ ሆኖ ጥብቅና ጠንካራ ስለሆነ ለጓንት ይፈለጋል። በዓለም የጓንት ሠሪዎች ዘንድ የኢትዮጵያ ሌጦ ስም ያወጣው በዚህ ነው። ዮቪል በምትባል የእንግሊዝ ከተማ የነበረው ፒታርድስ፣ እ.ኤ.አ. በ1826 የተቋቋመ አንጋፋ ኩባንያ፣ የእኛን የበግ ሌጦ ለስፖርትና ለመልበሻ ጓንት ሲያውል ኖሯል፤ በኋላም ሞጆ አቅራቢያ ኤጀርሳ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ቆዳ ፋብሪካ እስከ መግዛት ደርሶ ነበር። እንግዲህ አስቡት፣ ባሕር ማዶ ጎልፍ የሚጫወት አንድ ሀብታም እጁ ላይ ያጠለቀው የጎጃም በግ ሊሆን ይችላል። የዚያን ጓንት ጥሬ ዕቃ ከአጥር ላይ የሚያነሳው ደግሞ እናትሽ መስኮት የሚከፍቱበት ዓይነት ልጅ ነው።

አሁን የፋሲካን ሌሊት አስቡ። በሁዳዴ 55 ቀን ሙሉ ሥጋ የሚበላው ጥቂት ሰው ነው፤ የሌጦ ገበያው ይተኛል። ከዚያ ከተማው በሙሉ በአንድ ሌሊት ያርዳል! ጠዋት ሲነጋ በየአጥሩ ላይ ሌጦ ተሰቅሏል። ባለቤቱ ዶሮውን እየበላ፣ ጠላውን እየጠጣ ነው፤ ሌጦው ትዝም አይለው። ፀሐይ ወጥታ አጥሩን ስታሞቀው ውስጥ ውስጡን መበስበስ ይጀምራል። የሙያው ሰዎች ከእርድ እስከ ጨው ቢበዛ አራት ሰዓት ነው የሚሉት። ከዚያ ካለፈ ጠጉሩ በእጅ ሲነኩት መነቀል ይጀምራል፤ ጠጉሩ የተነቀለ ቦታ ደግሞ ፋብሪካ ገብቶ ሲለፋ ገጹ የተላጠ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ሌላው ሰው በበዓሉ ቀን ሲበላና ሲተኛ፣ ሌጦ ነጋዴው ጆንያውን ይዞ ከቤት ቤት ይሮጣል። እህቴ፣ «ለፋሲካ እንኳን አብሮኝ አይውልም» ብለሽ የጻፍሽው ይሄ ነው። ለእሱ የዓመቱ ገቢው ዋና ቀን ናት።

<b>ሌጦ የሚገደለው በቢላዋ ነው</b>

ብዙዎቻችን የሌጦን ዋጋ የሚወስነው በጉ ይመስለናል። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ዋናው ወሳኝ ግን የገፋፊው እጅ ነው። በግ ሲታረድ ደሙ በደንብ መፍሰስ አለበት፤ ደም የቀረበት ሌጦ ቶሎ ይበላሻል። ከዚያ በኋላ እግሩ ታስሮ ይሰቀላል እንጂ መሬት ላይ እየተንከባለለ አይገፈፍም፤ አፈርና ፈርስ ሲነካው ብልሽቱ ይፈጥናል። በቢላዋ የሚቀደደው መስመሩ ብቻ ነው፤ ከአንገት በሆድ በኩል ቀጥ ብሎ ወደ ታች፣ ከዚያም በእግሮቹ የውስጥ ወገን። መስመሩ ከተጣመመ ሌጦው ሲዘረጋ አንድ ጎኑ አጭር አንድ ጎኑ ረጅም ይሆንና ከስፋቱ ላይ ይጎድላል።

መስመሩ ካለቀ ቢላዋው ይቀመጥ! የቀረው በጡጫ ነው የሚሠራው። ጡጫውን በሥጋውና በሌጦው መካከል አስገብቶ መግፋት ነው። ብዙ ሰው ግን ይቸኩላል፤ ዘመድ ቁጭ ብሎ ጥብስ ይጠብቃል፤ ያገኘውን ቢላዋ ይዞ ይከረክረዋል። አንዲት ቀዳዳ ምን ታደርጋለች ትሉ ይሆናል። ጓንት ቆራጩ ቀዳዳዋን አልፎ መቁረጥ አለበት፤ ስለዚህ በዙሪያዋ ያለው ሁሉ ይጣላል። ሳይበሳ በግማሽ የተቆረጠው ደግሞ ይብሳል፤ ጥሬ ሆኖ ሲታይ ደህና ይመስልና ፋብሪካ ከገባ በኋላ ነው የሚቀደደው።

እግሩ ጋ በስቶ በአፍ መንፋትም የተለመደ ነው። አየሩ ሌጦውን ከሥጋው ስለሚያላቅቀው ለሌጦው መጥፎ አይደለም፤ ለሥጋው በላተኛ ግን የነፊው ትንፋሽና ምራቅ አብሮ መግባቱ ነው። ከተቻለ በብስክሌት መንፊያ ይሁን። (ይሄን ምክር የሰጠኝ ሰው ሲነግረኝ ስቄ ነበር፤ በኋላ ሳስበው ግን እውነቱን ነው።)

ድሮ እህል የሚያዝበት ስልቻ የሚሠራበት አገፋፈፍ ደግሞ ሌላ ነው። ሆዱ ሳይቀደድ፣ ካልሲ ከእግር እንደሚወልቅ፣ ሌጦው ሙሉውን ተገልብጦ ይወጣል። አሜሪካና ካናዳ ካዮቲ የሚባለውን የበረሃ ተኩላ የሚያጠምዱ አዳኞች ልክ እንዲህ ነው የሚገፉት። ከኋላ እግሩ ጀምረው እንደ ካልሲ ያወልቁታል፤ ስቡን ይፍቃሉ፤ ልኩ በተሠራ ጣውላ ወይም ሽቦ ላይ ወጥረው ያደርቁታል። የእኛ አባቶች ያለ ጣውላና ያለ ሽቦ ይሠሩት ነበር። ስለ ካዮቲ ያነሳሁት ለጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ከተገፈፈ በኋላ የቀረው ሥጋና ስብ ይነሳለታል፤ ደሙና ፈርሱ በንጹህ ውሃ ይታጠባል፤ ውሃው እስኪንጠፈጠፍ ጥላ ላይ ይሰቀላል። ከዚያ ጨው ነው። ሌጦው የሥጋው ወገን ወደ ላይ ሆኖ ይዘረጋል፤ ጨው ከአንገት እስከ ጭራ፣ ጠርዝና እግር ሳይቀር ይነሰነስበታል። መጠኑ ከሌጦው ክብደት ሲሶ እስከ ግማሽ ይደርሳል። ሁለት ኪሎ ለሚመዝን ሌጦ አንድ ኪሎ ገደማ ጨው ማለት ነው። ጨዋታው ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ዋጋ ሲወድቅ ነጋዴው መጀመሪያ የሚቆጥበው ጨው ነውና! ወይም አንዴ የተጠቀመበትን ጨው አራግፎ ይደግመዋል። ያ ጨው የባክቴሪያ መኖሪያ ስለሆነ ሌጦው ላይ ቀይ ነጠብጣብ ያወጣበታል። ጨው ቆጥቦ ሌጦ መክሰር ይሉሃል ይሄ ነው።

ጨው የለኝም የሚለው ገበሬ ያደርቀዋል። ግን እንዴት? ፀሐይ ላይ፣ መሬት ላይ፣ በችካል ወጥሮ! ፀሐይ ላዩን ታቃጥለውና ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይቀራል፤ ከታች ደግሞ አፈር ይበላዋል። ትክክለኛው ጥላ ላይ፣ ነፋስ በሚያገኝበት፣ ከመሬት ከፍ ባለ ፍሬም ላይ በገመድ ወጥሮ ማድረቅ ነው። እንጅባራና ባንጃ ያለ ሰው ፍሬም ቸገረኝ ሊል አይችልም፤ ቀርከሃ በጓሮው ሞልቷል። ችግሩ ክረምቱ ነው። የአዊን ዝናብ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ በሐምሌና በነሐሴ እንኳን ሌጦ ሸሚዝም አይደርቅ። በክረምት ያለ ጨው ሌጦ መያዝ ማለት ማዳበሪያ መሥራት ነው።

አንድ ነገር ግን እንደ ቀልድ አታሳልፉብኝ። ታሞ በራሱ የሞተ እንስሳ፣ በክት፣ በምንም ዓይነት አይገፈፍም። አባ ሰንጋ የሚባለው በሽታ በሥጋው ብቻ ሳይሆን በሌጦውም ይተላለፋል፤ ጀርሙ ቆዳና አፈር ላይ ለዓመታት ይቆያል። ሌጦ የሚነካ ሰው ክንዱ ወይም ፊቱ ላይ መሀሉ የጠቆረ፣ ብዙም የማያም ቁስል ካወጣ «ብጉር ነው» ብሎ መቀመጥ የለበትም፤ በጊዜ ሐኪም ካየው በመድኃኒት የሚድን ነው። የወንድ ጓደኛሽን ስለ ሽታ ከመጠየቅሽ በፊት ስለ ጓንት ብትጠይቂው ደስ ይለኛል። የዓለምን ጓንት የሚያቀርብ ሰው እሱ ራሱ ባዶ እጁን ይሠራል!

<b>ዋጋው የት ገባ?</b>

በየሰፈሩ «ሌጦ ያለው!» የሚለው ጥሪ እየቀነሰ መምጣቱን ልብ ብላችኋል? ድሮ የሌጦው ገንዘብ ቢያንስ የቅመሙን ይሸፍን ነበር፤ የአራጁ ዋጋ ሆኖ የሚሰጥበትም ጊዜ ነበር። በ2011 እና በ2012 ዓ.ም አካባቢ ግን በበዓል ማግስት ሌጦ በየመንገዱና በየቱቦው ተጥሎ ማየት ጀመርን። ውሻ ሲጎትተው!

ምክንያቱ አንድ አይደለም። ዓለም ወደ ሰው ሠራሽ ቆዳ ዞሯል፤ እኔም አንቺም ያደረግነው ጫማ ቆዳ መሆኑን እንጃ። ፋብሪካዎች ለማልፊያ የሚሆን ኬሚካል የሚያስመጡበት የውጭ ምንዛሪ ሲያጡ ሌጦ መግዛት ያቆማሉ። መንግሥት በ2000 ዓ.ም ጥሬና በከፊል የለፋ ቆዳ ወደ ውጭ በሚልክ ላይ 150 በመቶ ቀረጥ ጥሏል። ሐሳቡ እዚሁ ተሠርቶ፣ ዋጋ ጨምሮ፣ ያለቀለት ዕቃ ሆኖ ይውጣ ነው፤ ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ነገር ግን ፋብሪካው መግዛት ሲያቅተው ሌጦው ሌላ መውጫ አጣ። ያ አንጋፋ ፒታርድስ እንኳን እ.ኤ.አ. በ2023 ከስሮ ተዘጋ።

እከክም አለ። የበግና የፍየል ቆዳ ላይ ተባይ ሲራባ እንስሳው ይታከካል፤ ያ ሁሉ ነጥብ ጠጉሩ ሲነሳ ሌጦው ላይ ይወጣል። የቆዳ ፋብሪካ ሰዎች ስሙን ሳይተረጉሙ «እከክ» ብለው ነው የሚጠሩት፤ ፈረንጆቹም እንዲሁ። መድኃኒቱ በጉ በሕይወት እያለ ተባዩን ማከም ነው፤ ገበሬው ግን «የተሻለ ሌጦ አምጥቼ የተሻለ ዋጋ ካላገኘሁ ለምን ብዬ?» ይላል። እውነቱን ነው። ደህናውንም የተቀደደውንም በአንድ ዋጋ የሚገዛ ነጋዴ ቀዳጁን እያበረታታ ነው።

ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልሉ በተነሳው ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር ጉዳቱ በሌጦም ላይ ነው። ጤፍ ጎተራ ሆኖ ይጠብቃል። ሌጦ አይጠብቅም።

ስለዚህ እህቴ፣ ልጁ የከሰረው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ይሄን ብታውቂለት ለዝምታውም ትርጉም ታገኚለት ነበር።

<b>ስለ እናትየው</b>

እናትሽን አልሰድብም፤ ትልቅ ሰው ናቸው። «ፋቂ» የሚለው ቃል ግን ከየት መጣ? ቆዳ የሚያለፋውን፣ ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸክላ የምትሠራውን መናቅ በአገራችን የቆየ በሽታ ነው። «ቡዳ ነው» ይባላል፤ አብሮ አይበላም፤ አይጋባም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ባለሙያን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። አዋጁ ግን የአንዳንዱን ሰው ሳሎን አልፎ አልገባም።

እኔን የሚገርመኝ ደግሞ ይሄ ነው። ጎጃም የቅኔና የአብነት ትምህርት አገር ናት። በየገዳሙ ያለው የብራና መጽሐፍ ከምንድን ነው የተሠራው? ከፍየልና ከበግ ሌጦ! ተወጥሮ፣ ተፍቆ፣ ለስልሶ ነው ወንጌል የተጻፈበት። ብራና ፋቂው ደብተራ ሲመጣ ተነስተን እጅ እንነሳለን። የከበሮው ቆዳ በጥምቀት ሲመታ እናሸበሽባለን። መናኝ ዳባ ለብሶ ሲያልፍ መስቀል እንሳለማለን። ፈረሰኛው ጥር 23 ቀን የሚቀመጥበት ኮርቻ፣ የሚይዘው ልጓም ቆዳ ነው። አጎዛውን ለእንግዳ እናነጥፋለን። ሰውዬውን ግን ቤታችን አናስገባም።

እንዲያውም ልጁ በትክክል ከተነጋገርን ፋቂም አልፊም አይደለም፤ ነጋዴ ነው። ቆዳ ማልፋት ራሱን የቻለ ትልቅ ሙያ ነው፤ እምቧዩን፣ ተልባውን፣ ኑጉን እያሹ፣ በእግር እየረገጡ፣ ቀን ከሌት የሚለፋበት። ቢችል ደግሞ ባወቀው! ለእናትሽ «ነጋዴ ነው እንጂ ፋቂ አይደለም» ብለሽ ግን አትከራከሪላቸው፤ ያኔ ንቀቱን ተቀብለሽ ልጁን ብቻ ከሱ ማውጣትሽ ነው። «ቢሆንስ?» ነው መልሱ። ሁለት ወንድሞቹን ያስተማረው ማን እንደሆነም ንገሪያቸው። ሽማግሌው ለአንድ ጊዜ ቢመለስ ሰማይ አይደፋም፤ እናት ስትባል ከሦስተኛው ሽማግሌ በኋላ መለሳለሷ አይቀርም።

<b>ነብሩ ግን አይሆንም!</b>

እዚህ ላይ ነው ከአንቺ ጋር የምቆመው። በአገራችን ሕግ መሠረት ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን፣ ቆዳውን መያዝም ሆነ መሸጥ ወንጀል ነው። የገንዘብ ቅጣት አለው፤ እስራትም አለው። ነብር ደግሞ ዓለም አቀፍ ንግዱ በስምምነት የታገደ አውሬ ነው፤ ኢትዮጵያም ከ1981 ዓ.ም ጀምሮ የስምምነቱ አባል ናት። «ፈረንጅ በዶላር ይገዛል» የሚለው ሰውዬ ሻንጣው ኤርፖርት ላይ ሲከፈት እሱ አይገኝም፤ የሚገኘው ዳንግላ ላይ መጋዘን ያለው ልጅ ነው።

ጉሬዛም እንዲሁ ነው። ያ ጥቁርና ነጭ ጠጉሩ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የአውሮፓ እመቤቶች ፋሽን ሆኖ ከአፍሪካ በብዛት ሲጫን ነበር። ፋሽኑ አለፈ። ያለቀው ጉሬዛ ግን በፋሽን አልተመለሰም።

ስለ ተኩላ ደግሞ ብዙ ሰው «ተባይ ነው፣ በጋችንን ይበላል፣ ማን ይጠይቀናል?» ይላል። አንደኛ፣ የእኛ ቆዳ ፋብሪካዎች ሥራቸው በግ፣ ፍየልና ከብት ነው። ሁለተኛ፣ በጨለማ የተመታው ተኩላ ይሁን ቀይ ቀበሮ ማን ያጣራል? ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም፤ የቀረውም በመቶዎች የሚቆጠር ነው፤ ከእኛው ጎጃም ከጮቄ ተራራ ጭራሹን ጠፍቷል። ተራው ተኩላችንም ቢሆን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከእስያው ዘመዱ ጋር አንድ እንደሆነ ይታሰብ ነበር፤ በ2007 ዓ.ም የወጣ የዘረመል ጥናት ነው ራሱን የቻለ የአፍሪካ ተኩላ መሆኑን ያሳየው። ሦስተኛ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ተኩላንም ይይዛል። የታመመ አውሬ ምራቅ የተቧጠጠ እጅ ከነካ ጨው አያድንም።

እና ያ የፈረንጅ ዶላር? እዚህ ነው የካዮቲው ነገር የሚመጣው። ቦሌ ላይ ኮፍያው ዙሪያ ጠጉር ያለው ወፍራም ጃኬት ለብሰው የሚሄዱ ወጣቶች አይታችኋል አይደል? የጃኬቱን ፋሽን ዓለም ላይ ካስፋፉት አንዱ ካናዳ ጉስ የተባለው ኩባንያ ነው፤ ጠጉሩም እውነተኛ የካዮቲ ጠጉር ነበር። አዳኞቹ በዚያ ገበያ ደህና ገንዘብ አገኙ። ከዚያ ወጣቶች «አውሬ ለኮፍያ አይገደል» ብለው ተነሱ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2021 የጠጉር ግዢ እንደሚያቆም አስታወቀ፤ በ2022 መጨረሻ በጠጉር መሥራቱን እንደሚተው ተናገረ። ሕጋዊ ፈቃድ የያዙት፣ ጣውላና ሽቦ ያላቸው፣ በጨረታ የሚሸጡት የአሜሪካና የካናዳ አዳኞች እንኳን ገበያው ከእጃቸው ሲያመልጥ፣ ዳንግላ ያለ ሌጦ ነጋዴ በማያውቀው ሰው ቃል ጫካ ለጫካ ሊሄድ ነው?

ስለዚህ «ወይ ሌጦውን ወይ እኔን» ያልሽውን አንሺውና «ወይ ነብሩን ወይ እኔን» በይው። ሌጦውን ተዪለት።

ለእሱም አንድ ሁለት ነገር ልበል፤ ጋዜጣውን ታሳዪዋለሽ ብዬ ነው። ወንድሜ፣ ከአጥር ላይ ከምትለቅም ከገፋፊው ጋር ተዋዋል። ዳንግላና እንጅባራ ያሉ ሥጋ ቤቶችና ሆቴሎች በየቀኑ ያርዳሉ፤ እንደ ፋሲካ ጎርፍ አይሆንብህም። ቢላዋ ላልነካው ሌጦ ትንሽ ጨምረህ ክፈል፤ ገፋፊው በሳምንቱ ጡጫ ይለምዳል። ለበዓል ዋዜማ ጨውህን ቀድመህ ግዛ፤ በበዓል ሳምንት የጨው ዋጋ ሊወጣብህ ይችላል። ዱቤ ስትሰጥ ደግሞ በወረቀት ይሁን፤ «እንተዋወቃለን» የሚባለው ነገር ፍርድ ቤት ሲደርስ ብዙ አይረዳም።

እናንተም አንባቢዎቼ፣ ለሚመጣው በዓል በግ የምታርዱ ከሆነ ሌጦውን አጥር ላይ አትስቀሉት። ጥላ ላይ ዘርግታችሁ፣ አንድ ኪሎ ጨው ነስንሳችሁ፣ ለመጣው ልጅ ስጡት፤ ዋጋውን ባትከራከሩትም ምንም አይደል።

ሽታውን በተመለከተ፣ እህቴ፣ ይሄ ቀላሉ ነው። የሥራ ልብሱ የብቻው ይሁን፤ መጋዘኑ ውስጥ ይሰቀል እንጂ ቤት አይግባ። እጁን መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ከዚያ በሎሚና በሳሙና ይታጠብ፤ ጥፍሩን አሳጥሮ ይቁረጥ። ጸጉሩንም መታጠብ አይርሳ፤ ሽታው ብዙ ጊዜ የሚቀረው እዚያ ነው።